ቀዝቃዛው ኦቨን

ፊት ለፊቷ «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «መብረቅ»። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የሆስፒታል ወጥ ቤት ባልደረቦቿ ናቸው። ግማሽ ዕድሜዋን እዚያ፣ ሰው በሚውጡ ትልልቅ ድስቶች መሃል ኖራለች። ያልበሰለ ድንች ለበሽተኛ ሊያወጣ የሚሞክር ሰው ካጋጠማት መጀመሪያ ዓይኗ ብልጭ ይላል፤ ድምጿ ትንሽ ቆይቶ ይደርሳል። ስሙ ሰፈር ድረስ ተከትሏት መጣ። ታውቀዋለች። ብትጠላው ኖሮማ ደፍሮ የሚያነሳው ባልተገኘ ነበር።

ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ሥራ ስታቆም ከሁሉ በላይ ያስቸገራት እጇ ነው። ለሠራዊት ማብሰል የለመደ እጅ ለአንድ ሰው ማብሰል አልሆንለት አለ። ስታበዛው ይተርፋል፣ ስታሳንሰው ጣዕሙ ይጠፋል፣ ትበሳጭና ድስቱን ከድና ዳቦ በሻይ በልታ ትተኛለች። ነርሷ ልጇ ይህን ስታይ ከርማ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን ተሸክማ መጣች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? የርግብ ቤት?» አለች መብረቅ።

«እማዬ፣ ሞክሪያት ብቻ።»

ሞከረቻት። መጀመሪያ ሰሞን ዳቦ አሳረረችባት፣ ኬክ አበላሸችባት፣ እንደ ሰው ቆማ ሰደበቻት። የትልቁ ምድጃ ልማድ እዚህ አይሠራም። የላይኛው የማሞቂያ ሽቦ ለዳቦው አናት ስለሚቀርብ ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ቆዳው ይጠቁራል። ቀስ በቀስ ግን አመሏን አወቀችው። ትሪውን ወደ ታች ዝቅ አደረገች፤ አናቱ መቅላት ሲጀምር በፎይል መሸፈን ለመደች፤ በሩን ቶሎ ቶሎ ከመክፈት ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ ማየት እንደሚሻል ገባት። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! ድንች ከነልጣጩ፣ ዓሣ በሎሚ፣ ዶሮ በነጭ ሽንኩርት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ። የግቢው ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ አፍንጫውን ቀና አድርጎ «ዛሬ ዓሣ ነው» ማለት ጀመረ።

ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ክሩ ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ ብቅ ትልና «እቴ፣ ይሄ ሽታሽ እኮ ጣቴን በመርፌ አስወጋኝ» ትላለች። እያማች ትበላለች፣ እየበላች ታማለች። መብረቅ ለሐሜቷ ትቆጣታለች፤ እየተቆጣችም ጨምራ ትቆርስላታለች። ከዚያ የቀረው ማዶ ክፍል ላለው ጡረተኛ መምህር ይሄዳል። እሱ ደግሞ ሳህኑን ሁልጊዜ አጥቦ ነው የሚመልሰው።

ጣጣው የጀመረው በኬክ ነው። ልጇ ከሆስፒታሉ ለምትለቅ ጓደኛዋ ስንብት ኬክ አዛት ነበር። ሊጡ ነፍቶ፣ አናቱ ቀላ ማለት ሲጀምር፣ ኦቨኗ ድርግም አለች። መብረቅ ቁልፉን አዞረች። ሶኬቱን ነቀነቀች። ኦቨኗ ቦግ አለችና መልሳ ጠፋች። ኬኩ መሃሉ ሰርጉዶ፣ እንደተረገጠ ኮፍያ ሆኖ ወጣ። ልጇ ከሱቅ ኬክ ገዝታ ሄደች።

በነጋታው ኦቨኗን በፎጣ ጠቅልላ፣ ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ተገዛችበት ሱቅ ወሰደቻት። ሻጩ ሰካት። ሽቦዎቹ ወዲያው ቀሉ።

«ይኸው ትሠራለች። የአጠቃቀም ችግር ነው እናቴ» አላት ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«የአጠቃቀም?»

«አዎ። እንዲህ ያለው ዕቃ ትንሽ ይከብዳል። መመሪያውን ልጅዎ ታንብብልዎት።»

«ልጄን ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ!» አለች መብረቅ። ሱቁ ውስጥ ማቀዝቀዣ ሲመርጡ የነበሩት ባልና ሚስት ዞረው አዩ። ሻጩ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው ደሟን ያፈላው። ቢቆጣት በተቆጣችው፣ ቢሰድባት በሰደበችው ነበር። እንደ ሕፃን ሲያባብላት ግን ኦቨኗን ታቅፋ ወጣች።

መምህሩ የሚያውቀው አንድ ዝምተኛ ቴክኒሻን ነበርና እሱን ጠራላት። ሰውዬው ኦቨኗን ከኋላ ፈታ፣ አየ፣ ገጠመ፣ ሰክቶ አጋላት፤ «ጤነኛ ናት» አለ። ቀጥሎ መዳፉን ግድግዳው ላይ ያለው ማከፋፈያ ላይ አሳረፈና ቶሎ አነሳው።

«በሽተኛው ይሄ ነው» አለ። ክዳኑን ሲፈታው ፕላስቲኩ ከውስጥ ቀልጦ ጠቁሯል፤ ከኋላው የወጣው ሽቦ ቀጭን ነው፣ ልባሱ ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። «ይሄ መስመር የተዘረጋው ለአምፖል ነው፤ ለኦቨን አይደለም። ሲግል ይላላል፣ ሲላላ ይለቃል። እሱ ነው የሚያጠፋባት። እኔ ይሄን ብቻ ብቀይረው ዋጋ የለውም፤ ከቆጣሪው ጀምሮ መታየት አለበት። ለአከራይዎ ይንገሩት፤ እስከዚያ ምንም አይሰኩበት።»

አከራዩ የሚኖረው እዚያው ግቢ፣ ፎቁ ላይ ነው። በቅርቡ ከላይ ክፍሎች ቀጥሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ለራሱ መታጠቢያ ቤት ሠርቷል። መብረቅ ስትወጣ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ አገኘችው። ሁልጊዜ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች፤ እሱ «አንቺ» ይላታል፤ በዕድሜ ግን የምትበልጠው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ መስመሩ አርጅቷል ነው የሚለው ባለሙያው። ሳይቀጣጠል ቢያሳዩት።»

ጋዜጣውን አጠፈ። «ቆይ፣ ቆይ። ኦቨን ነው ያልሽኝ? እኔ ቤት ውስጥ ኦቨን ትጠቀሚያለሽ?»

«ዳቦ ነው የምጋግርበት እንጂ ብረት አላቀልጥበት።»

«አሃ! በየቀኑ መብራት ድርግም የሚልብን በማን ነው እያልኩ ስደርቅ! ይኸው ተገኘ! መስመሬን ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ፤ ጭራሽ ቀይርልኝ ብለሽ ትመጫለሽ?»

የመጣችው እሳት እንዳይነሳ ልታስጠነቅቅ ነበር፤ የምትወርደው እሳት ለኳሽ ተብላ ነው።

እሱ እዚያ ላይ ቢተወው ጥሩ ነበር። እሁድ ጠዋት ተከራዮቹን በሙሉ ግቢው መሃል ሰበሰበ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመና «የመብራቱን ምክንያት አግኝተነዋል» ብሎ ጀመረ። ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም፤ ዓይኑን ልኮ ሰው ሁሉ ወደ እሷ እንዲዞር አደረገ። ለአንድ ሰው ሆድ ሲባል ግቢው ሁሉ ጨለማ መቀመጥ እንደሌለበት ተናገረ። ለአንድ ሰው ሆድ! መብረቅ ዳቦዋን የበሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። መምህሩ ጫማውን ያያል። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«አንቺስ?» አላት አከራዩ ልብስ ሰፊዋን። «ስፌት መኪናዬ እየቆመ አስቸገረኝ ስትዪ አልነበር?»

«እ... አዎ፣ መኪናዬስ ይቆምብኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ። መብረቅን ሳታይ ጨመረችበት፤ «ኦቨኑ በተሰካ ቁጥር ነው መሰለኝ። ለጊዜው ብትተይው ምናለበት እቴ?»

የመብረቅ ዓይን ብልጭ ሲል ያዩት ሰዎች ድምጿን ጠበቁ። አልመጣም። ዞራ ገባችና በሯን ዘጋች።

ለልጇ ደወለች። ልጇ ተረኛ ስለነበረች ድምጿ የቸኮለ ነው። «እማዬ፣ እባክሽ ከሰው አትጋጪ። ተይው በቃ። እኔ ሌላ ነገር እገዛልሻለሁ።»

«ሌላ ምን?»

«እኔንጃ... ትልቅ ቴሌቪዥን?»

«ቴሌቪዥን ላይ ዳቦ ልጋግር?» አለችና ዘጋችው።

ኦቨኗን በመጣችበት ካርቶን ከታ፣ በገመድ ጠፍራ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሯ ተዘግቶ ይውላል። ድሮ ቁጣዋ ወጥቶ ያልቅ ነበር፤ ጮኻ፣ ሳህን አንኳኩታ፣ ሲበርድላት «ኑ ብሉ» ትላለች። አሁን ግን ገብቶ ተቀመጠ። አልጋዋን ስታነጥፍ አብሯት ያነጥፋል፣ ሽንኩርት ስትከትፍ አብሯት ይከትፋል። በግድግዳው በኩል የስፌት መኪናው ድምፅ ሲመጣ ጥርሷን ትነክሳለች። ለአንድ ሰው ሆድ! እሷ ስንት ሺህ ሆድ የሞላች ሴት!

መብራቱ ግን መጥፋቱን አላቆመም። እንዲያውም ባሰበት። አንድ ጊዜ ጠፋ፣ ዝም ተባለ። ሁለተኛ ጠፋ፣ ግቢው ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የታችኞቹ ክፍሎች መብራት መልሶ ድርግም ሲል በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ልብስ ሰፊዋ ከፊት፣ መምህሩ ከኋላዋ፣ ሌሎች ሁለት ሴቶች ከእነሱ ኋላ ቆመዋል።

«እቴ፣ እንዳትቀየሚን» አለች ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ እየላከች። «ሽታ ሸተተን መሰለኝ። ምናልባት ረስተሽ ሰክተሽው እንደሆነ...»

ድምጿ ያኔ መጣ።

«ግቡ!» አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። «ግቡ አልኩ እኮ! በር ላይ ቆማችሁ ከምታሸቱኝ ገብታችሁ ፈትሹኝ!» ልብስ ሰፊዋን በእጅጌዋ ስባ አስገባቻት። ወንበር ላይ ወጣች፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ መምህሩ ሊደግፋት እጁን ቢዘረጋ በክርኗ ገፋችው። ካርቶኑን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችውና ገመዱን በቢላ በጠሰችው። የኦቨኗን የመስታወት በር ብርግድ አደረገችው።

«እጃችሁን አስገቡ! አንተ መምህር፣ አንተ ቀድመህ አስገባ፤ የተማርክ ነህ!»

መምህሩ እንደ ተማሪ እጁን አስገባ። «ቀዝቃዛ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አልሰማሁም!»

«ቀዝቃዛ ነው፤ በረዶ ነው።»

«አንቺስ? ነይ እንጂ! ዳቦዬን ስትበዪ እጅሽ ፈጣን አልነበር?»

ልብስ ሰፊዋ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። «ግን ይሸታል እኮ» አለች፤ አሁን ድምጿ ተቀይሯል። «እውነቴን ነው፤ ይሸታል።»

ሁሉም አሸተቱ። የዳቦ ሽታ አይደለም። የሚቃጠል ፕላስቲክ ነው፤ የሚመጣውም ከውጭ።

ከደረጃው ሥር፣ የግቢው ቆጣሪ ካለበት የእንጨት ሣጥን፣ ጥቁር ጭስ እየተንዶለዶለ ነበር። ውስጡ ሰማያዊ ነገር ይንጣጣል። አንዷ ሴት ጮኸች። ልብስ ሰፊዋ ወደ ቧንቧው ሮጣ አንድ ባልዲ ውሃ አንጠልጥላ ተመለሰች። መብረቅ ባየቻት ጊዜ ባልዲውን ወደ ኋላ ስባ ልትወረውር ተቃርባለች።

በሆስፒታሉ ወጥ ቤት አንድ ባልደረባዋ እንዲሁ ብልጭ ያለ ምድጃ ላይ ውሃ ደፍቶ ነበር። ኮረንቲው ወርውሮ ከግድግዳው ጋር ሲያላትመው የሰማችው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዋ አልወጣም። ያ የታመመ ጉልበቷ እንዴት እንደሮጠ እሷም አታውቅም። ልብስ ሰፊዋን ከነባልዲዋ ገፍትራ ጣለቻት፤ ውሃው ሁለቱም ላይ ተደፋ።

«ልትሞቺ ነው? ኮረንቲ ላይ ውሃ? ወደ ኋላ በሉ፣ ሁላችሁም!»

ጫማዋ ርሶ ነበርና አወለቀች፤ ደረቅ ጫማ ከበር ላይ አንስታ አጠለቀች። ረጅሙን የመጥረጊያ እንጨት ይዛ፣ ፊቷን ዞር አድርጋ፣ ከሣጥኑ ጎን ያለውን ዋናውን ማጥፊያ በእንጨቱ ጫፍ ወደ ታች መታችው። አልወረደም። ተሳደበችና ደገመችው። ቀጭ ብሎ ወረደ። መንጣጣቱ ቆመ፤ የሣጥኑ እንጨት ላይ የተያያዘው እሳት ግን እየላሰ ነው። መምህሩ ከደረጃው ዳር የተደረደሩትን የአበባ ማሰሮዎች አፈር እየገለበጠ ያቀብላት ጀመር፤ እሷ ትበትናለች፣ ትሳደባለች፣ ትበትናለች። በመጨረሻ ጭስ ብቻ ቀረ።

ይሄኔ ከፎቁ አከራዩ ብቅ አለ። ፎጣ አገልድሟል፤ ጆሮውና አንገቱ ላይ የሳሙና አረፋ አለ።

«ማነው ቆጣሪዬን የነካው? ውሃው እላዬ ላይ ቀዘቀዘ እኮ!»

መብረቅ ከእግሩ እስከ አረፋው አየችው። አዲሱ መታጠቢያ ቤት። የውሃ ማሞቂያ።

«እኔ ነኝ የነካሁት» አለች። «አንተ ገላህን በሙቅ ውሃ ስትታጠብ እኛ ከሥርህ ልንቃጠል ነበር!»

አንተ አለችው። እሱንም ከእሳቱ ይልቅ ያስደነገጠችው እሷ ነበረች።

«ም... ምን አልሽኝ? ይሄ ያንቺ ኦቨን...»

«ኦቨኔ ካርቶን ውስጥ ነበረች! ቀዝቃዛ ናት፤ ያመኑህን ሰዎች ጠይቃቸው፣ እጃቸውን አስገብተው አይተዋል! በማሞቂያህ የቆጣሪውን ሽቦ እያነደድክ እኔን ግቢ መሃል አቆምከኝ! ሆዳም አልከኝ!»

የአከራዩ ሚስት ከኋላው መጣች። ብዙም የማትናገር ሴት ናት። የሚጨሰውን ሣጥን አየች፣ የተገለበጡትን አበቦቿን አየች፣ ባሏን አየች።

«ክፍሎቹን ስትቀጥል ሠራተኛው መስመሩን ቀይር ብሎህ ነበር እኮ» አለችው። «እኔ እየሰማሁ ነው የነገረህ። በኋላ እናየዋለን አልከው።»

አከራዩ ፎጣውን ጠበቅ አድርጎ ወደ ላይ ተመለሰ።

ከመብራት ኃይል የመጡት ሠራተኞች ሣጥኑን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስመሩን ቆርጠው አዲስ ካልተዘረጋ አንቀጥልም አሉ። አከራዩ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ዘረጋ። ለእያንዳንዱ ክፍል ወፍራም ሽቦና የራሱ ማጥፊያ ገባለት። ሥራው ሲያልቅ ሚስቱን አንድ የሱቅ ኬክ አስይዞ ወደ መብረቅ ላካት።

«ላንቺ ክፉ የለኝም» አለቻት መብረቅ። «ኬኩን ግን ይዘሽለት ተመለሺ። እግር አለው፣ አፍ አለው፤ ራሱ ይምጣ።»

መጣም። በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው... ሁላችንም ተሳስተናል።»

«ሁላችንም? እኔ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ሊሄድ ዞረ።

«ግቢ መሃል፣ ሰው ሰብስበህ ነው የሰደብከኝ። ይቅርታውንም እዚያው፣ ሰው ሰብስበህ በል።»

አላለም። እስከ ዛሬም አላለም። ሲያያት በሌላ በኩል ይዞራል። እሷም «አንተ» ማለቷን አልተወችም።

ልጇ ነገሩን የሰማችው ከመምህሩ ነው። ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ምን እንደሆንሽ እንኳ አልጠየቅኩሽም» አለች። «እንድትረጋጊ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«አትረጋጊ የሚለኝ አንድ ሰው ነበር ያስፈለገኝ» አለቻት እናቷ። ልጇ አቀርቅራ ስታለቅስ መብረቅ እንደ መቆጣት ብላ ትኩስ ድንች አጎረሰቻት። «ብዪ ብዬ እንጂ አልቅሺ ብዬ አላሳደግኩሽም። ብዪ።»

ልብስ ሰፊዋ ከሁሉም ኋላ መጣች። ዳቦ በሚጋገርበት ቅዳሜ ነው። በሩ ተዘግቷል፤ አንኳኳች። መብረቅ ከፍታ መዝጊያውን እንደያዘች ቆመች።

«ያስወጣኛል ብዬ ፈርቼ ነው እቴ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የት እገባለሁ ብዬ። መኪናዬን ይዤ የት እሄዳለሁ ብዬ።»

«እኔስ የት ልገባ ነበር? ፈርተሽ ዝም ብትዪ ይገባኝ ነበር። መምህሩም ፈርቶ ዝም ብሏል። አንቺ ግን ዝም አላልሽም፤ ተናገርሽ! 'በተሰካ ቁጥር' አልሽ! መቼ ነው እኔ ስሰካ መኪናሽ የቆመው? ንገሪኛ!»

«አንድ ቀንም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሜትሩ አንገቷ ላይ የለም፤ እጇን የምታደርግበት አጥታ ቀሚሷን ጨበጠች። «አንድ ቀንም አልቆመም።»

መብረቅ ወደ ውስጥ ገባች። ጎንበስ ብላ በመስታወቱ አየች፤ አናቱ ቀልቷል። ትሪውን ስባ አወጣች፤ ዳቦው እስኪበርድ እንኳ አልጠበቀችም፣ ጣቷን እያቃጠላት ቆረሰች። በወረቀት ጠቅልላ በር ላይ ሰጠቻት።

«ይቅርታ አትበዪኝ፣ አመስግነሽም አትለፍልፊብኝ» አለች። «ውሰጂና እዚያው ቤትሽ ብዪ።»

ልብስ ሰፊዋ ዳቦውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማ ቀረች። መብረቅ በሩን ዘጋች፤ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰችና ሁለተኛውን ሊጥ ከተተች።